«ክፍት ነው» የሚል ሰው ጠፋ

ነገሩ የጀመረው ሚሊኒየሙ ሊገባ አንድ ዓመት ሲቀረው ነው። ብዙ ጊዜ አልፎታል። እኔ ግን ዛሬም ሬዲዮ ላይ «ሕገ ወጥ አስጋሪዎች የዓሣ ሀብታችንን እያጠፉት ነው» ሲባል ስሰማ ደሜ ይፈላል፤ ብድግ ብዬ እዘጋዋለሁ። ባሌ ተነስቶ መልሶ ይከፍተዋል። «ተዪያቸው ይናገሩ፣ እውነታቸውን ነው» ይላል። ያገባሁት እንዲህ ያለውን ሰው ነው። ታሪኩን ላጫውታችሁና ደሜ ቢፈላ ይፈረድብኝ እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ያኔ ወልቂጤ መናኸሪያው አጠገብ ዓሣ እየጠበስኩ እሸጥ ነበር። ባሌ ነስሩ ከዋቤ ወንዝ ያጠምዳል፣ እኔ አጽድቼ እጠብስና በዳጣ አቀርባለሁ። የሥጋ አገር ነው፤ አዘቦት ቀን ዓሣዬን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። ጾም ሲገባ ግን መቀመጫ ይጠፋል። እኔ እስላም ነኝ፤ ዓሣ ለጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ ትቼዋለሁ። ሑዳዴ መቼ እንደሚገባ ግን ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ከሰሜን መጥተው እኛ ከተማ የሚያስተምሩ መምህራን ነበሩ፤ «ዘሃራ ሳታውጅ ጾም አይያዝም» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

የነስሩ ሰፈር ዋቤ ዳር ነው። ከአባቱ የወረሰው ሥራ ማጥመድ ብቻ ነው። እርሻ አልሆነለትም፣ ንግድም አይችልም፤ ገበያ ላይ ቆሞ ዋጋ መከራከር ያሳፍረዋል። ወንዙ ዳር ሲሆን ግን ሌላ ሰው ይሆናል፤ ይዘፍናል እንኳን።

ወንዙን የሚያበላሹ ሰዎች ነበሩ። በዚያ አካባቢ ብርብራ የሚባል ዛፍ አለ። ፍሬውን ወቅጠው ውኃው ረጋ ያለበት ቦታ ላይ ሲበትኑት ዓሣው ይሰክርና ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ትልቁ፣ ትንሹ፣ እንቁላል የተሸከመችው፣ ሁሉም። ትልልቁን ለቅመው ይሄዳሉ፣ የቀረው እዚያው ይሸታል። ነስሩ ይህን ባየ ቀን ምግብ አይበላም። ቢለምን ቢቆጣ ግን ማን ይሰማዋል? «ወንዙ የአባትህ ነው?» ይሉታል።

በዚህ መሀል ነው ሰሎሞን የሚባል ወጣት የመንግሥት ባለሙያ የመጣው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ልጁ ሰው አክባሪ ነበር፤ እኔንም «እትዬ ዘሃራ» እያለ ነው የሚጠራኝ። ሰፈሩን ሰብስቦ የዓሣ ሕግ እንደወጣ ነገራቸው። መርዝ ክልክል ነው፣ ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ክልክል ነው፣ ዓሣው በሚራባበት በክረምት ወንዙ ይዘጋል።

ሰዉ ሳቀ። አንዱ ተነስቶ «ዓሣው ቀበሌ ተመዝግቧል? መታወቂያ አለው?» አለ።

ሰሎሞንም አብሮ ሳቀና «መታወቂያ የለውም፤ ግን እንደ እናንተ ልጅ ይወልዳል። ልጆቹን ከገደላችሁበት የከርሞ ምሳችሁ ከየት ይመጣል?» አላቸው።

ጥሩ ተናግሮ ነበር። ግን በሳምንቱ ብርብራ ተበተነ። ድልድዩ ላይ የለጠፈውን ማስታወቂያ ዝናብ ወሰደው። ልጁ ወንዙ ዳር ተቀምጦ የተንሳፈፉትን ትንንሽ ዓሦች ሲያይ ነስሩ አገኘው። ቤት ይዞት መጣ። እራት እየበሉ ነስሩ እንዲህ አለው፦

«ወረቀቱን ተወው። ሰዉ ወረቀት አይፈራም። ጉርዳ አስገባን።»

ጉርዳ ማለት በእኛ በጉራጌ ዘንድ በሽማግሌ ፊት የሚገባ ቃል ኪዳን ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ያከብረዋል። ጉርዳ ገብቶ የሰበረ ሰው መቅሰፍቱ በዘሩ ይደርስበታል ይባላል። ፖሊስ የማያስቆመውን ነገር ጉርዳ ሲያስቆመው በዓይኔ አይቻለሁ። ሐሳቡን ያመጣው የእኔ ባል መሆኑን ልብ በሉልኝ። ማንም አላስገደደውም።

ሰሎሞን በደስታ ሊሞት ደረሰ። ሽማግሌው ሐጂ ሙዘሚል የሰፈሩን አጥማጆችና ብርብራ የሚበትኑትን ሁሉ ጀፎረው ላይ ሰበሰቡ። ጀፎረ በቤቶቹ መሀል ያለው ሰፊው የሣር ሜዳ ነው፤ ለቅሶውም ሠርጉም ሸንጎውም እዚያ ነው። ሐጂ ከማስማላቸው በፊት ወደ ሰሎሞን ዞረው «ጉርዳ ጨዋታ አይደለም ልጄ» አሉት። «የምንገባበትን ዛሬ አወቅን። የምንወጣበትን ማን ይነግረናል?»

«እኔ ራሴ እመጣለሁ» አለ። «መስቀል ካለፈ በኋላ ወንዙ ዳር ቆሜ ክፍት ነው እላችኋለሁ።»

ሐጂም በዚሁ ቃል አስገቧቸው። ብርብራ ውኃ ውስጥ ላይጥሉ፣ ያሰራቸው መጥቶ «ክፍት ነው» እስኪላቸውም እጃቸውን ዋቤ ውስጥ ላይነክሩ። አንድ በአንድ እየተነሱ ተናገሩት። ነስሩ የመጀመሪያው ነበር።

የዚያን ክረምት ወንዙን የነካው ሰው የለም። ብርብራው ዛፉ ሥር ወድቆ በሰበሰ። እኔ ፍልሰታን ምስር ሳምቡሳ እየሸጥኩ አሳለፍኩት። መምህራኑ «ዓሣው የት ሄደ?» ሲሉኝ «የወሊድ ፈቃድ ላይ ነው» እላቸዋለሁ። ኩራት ነበረብኝ፣ ምን እደብቃለሁ። ነስሩ ማታ ማታ እየመጣ «ዛሬ ውኃው ሲፈላ ብታዪ፣ ያ ሁሉ ትንንሽ ዓሣ ነው» ይለኛል። መረቡን እያደሰ መስቀልን ይጠብቃል።

መስቀል አለፈ። ሰሎሞን አልመጣም።

ሲጠየቅ ለካ ልጁ ተዛውሯል። ግምገማ ላይ አለቆቹን የሚያስከፋ ነገር ተናገረ አሉ፤ ሩቅ አገር ተመድቦ ዕቃውን ጭኖ ሄዷል። ያኔ ስልክ እንደ ዛሬ በየኪሱ አልነበረም። የት እንዳለ የሚያውቅ አላገኘንም።

ሐጂ ሙዘሚል አስተዋይ ሰው ነበሩ፣ አላከረሩትም። «ያሰረን ልጁ ብቻ አይደለም፣ ወንበሩ ነው። በወንበሩ የተቀመጠ ይምጣና ይበለን፤ ይበቃናል» ብለው ፈረዱ። ሁላችንም እፎይ አልን። አንድ ሰው ከወልቂጤ ዋቤ ድረስ መጥቶ አንዲት ቃል ተናግሮ መመለስ ምን ይከብዳል?

ከብዷል። አጥማጆቹ ተሰብስበው ቢሮ ሄዱ። አዲሱ ኃላፊ «ወቅቱ አልፏል፣ ሕጉ አይከለክላችሁም፣ ማን ያዛችሁ?» አላቸው። «እንግዲያው መጥተህ በለን» አሉት። ሳቀባቸው። ሌላ ቀን ሄዱ፣ ስብሰባ ላይ ነው ተባሉ። ሌላ ቀን ሄዱ፣ መኪናው ነዳጅ የለውም ተባሉ። የነቢያት ጾም ገባ። ደንበኞቼ መጥተው ሳምቡሳ ሲያዩ ፊታቸውን አዙረው መሄድ ጀመሩ። የወሊድ ፈቃዱ ቀልድም ሰለቻቸው።

በመጨረሻ እኔው ሄድኩ። ነስሩ እንዳይሰማ ደብቄ ነው። ኃላፊው ወረፋዬ ደርሶ ስገባ ቀና ብሎም አላየኝ።

«ሴትዮ፣ ዓሣ ለማጥመድ የሚያስፈልገው ፈቃድ ነው። ምርቃት አይደለም» አለኝ። «እኛ የምንሠራው በአዋጅ ነው። በመሐላ የሚከፈትና የሚዘጋ ወንዝ አላውቅም።»

«በአዋጁማ አንድ ቀን እንኳን አልተዘጋም» አልኩት። «የዘጋው መሐላው ነው። እናንተ ስታውጁ ብርብራ ሲበተን አልነበረም?»

ቀና አለ። የተቆጣ መሰለኝ። «የኋላ ቀር አስተሳሰብ» የሚል ነገር አጉረመረመና ቀጣዩን ሰው ጠራ። ስወጣ እንባዬ መጣ። ከንዴት ነው እንጂ ከሐዘን አይደለም።

ቤት ስመለስ ነስሩን አፋጠጥኩት። «ሕጉ አይከለክልህም አሉህ። ውረድና አጥምድ!»

«ሕጉ አይደለም የያዘኝ» አለ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብዬ ሰደብኩት። ቀና ብሎ አየኝና መረቡን ማደሱን ቀጠለ። ሌሎቹም እንደሱ ናቸው። አንድም ሰው አልሰበረም። ዛሬም ድረስ በዚህ እኮራለሁ፤ በዚሁ ደግሞ አንጀቴ ያርራል።

ሑዳዴ ሊገባ አካባቢ አንድ ወሬ መጣ። ከከተማ የተደራጁ ወጣቶች ዋቤ ላይ ዓሣ ሊያመርቱ ፈቃድ ተሰጥቷቸዋል፤ ጀልባና መረብም ተገዝቶላቸዋል፤ ርክክቡ እዚያው ወንዙ ዳር ነው፤ ኃላፊው ራሱ ይመጣል። ለዚህ ጊዜ ነዳጁ ተገኝቷል ማለት ነው።

እኔ ወሬውን ስሰማ ተበሳጨሁ። ነስሩ ግን ፊቱ በራ። «በቃ እኮ ሊመጣ ነው! ወንዙ ዳር ይቆማል። አንዲት ቃል ነች» አለ። ወንዙ ለሁሉም ይበቃል፣ ልጆቹም ይሥሩ፣ እኛም እንሠራለን አለ። በማግስቱ ንጹሕ ልብሱን ለብሶ፣ መረቡን በጆንያ አድርጎ ተነሳ። እኔም ሱቄን ዘግቼ ተከተልኩት።

ወንዙ ዳር ድንኳን ተተክሏል። ድምፅ ማጉያ አለ፣ ካሜራ አለ። ጀልባዋ ቀይ ሪባን ታስሮባት ውኃው ጫፍ ተቀምጣለች። የእኛ ሰዎች ከሐጂ ሙዘሚል ኋላ በሰልፍ ቆሙ። አጠገቤ የነበረ የከተማ ሰው «እነዚህ ደግሞ ሊቃወሙ ነው የመጡት?» አለኝ። «ሊለምኑ ነው» አልኩት።

ንግግሩ አለቀ፣ ሪባኑ ተቆረጠ። ኃላፊው ሽማግሌዎቹን አየና «አባቶችም መርቁልን» አለ። ሐጂ ወደ ፊት መጡ። አረጋዊ ናቸው። «ውኃው ይባረክ፣ ልጆቹ ይባረኩ፣ መንግሥትም ይባረክ» ብለው ከልባቸው መረቁ። ሰዉ ሁሉ አሜን አለ። ከዚያ ድምፅ ማጉያውን ሳይለቁ እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ እኛ መረቅንህ። አንተ ደግሞ ለእነዚህ ልጆቼ ክፍት ነው በላቸው። ሌላ የምንጠይቅህ የለም።»

ኃላፊው ግራ ገባው። አጠገቡ የቆመው ሰው ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ። ምን እንዳለው አላውቅም፤ ሳስበው ግን በዚያ ሁሉ ሰውና ካሜራ ፊት «ክፍት ነው» ካለ ፈቃድ የሌለው ሁሉ ነገ ወንዙ ውስጥ ይገባል ብሎ ሳያስፈራው አይቀርም። ድምፅ ማጉያውን ተቀበለ።

«ግልጽ መሆን አለበት» አለ። «ይህ ወንዝ የሕዝብ ሀብት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ፈቃድ ከተሰጠው ማኅበር በስተቀር ለማንም ክፍት አይደለም። ዝግ ነው! ኪራይ ሰብሳቢዎችን አንታገሥም!»

ተጨበጨበ።

እኔ እጄን በአፌ ጫንኩ። ነስሩን አየሁት። ጆንያውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። ወንበሩ መጥቷል። ወንዙ ዳር ቆሟል። በሽማግሌውና በወንዙ ፊት ቃሉን ተናግሯል፤ ቃሉ ግን «ዝግ ነው» ሆነ። ይፈታናል ብለን የጠበቅነው ሰው ማብቂያ በሌለው ነገር አስሮን ሄደ፤ ማሰሩንም አላወቀም። እዚያው ሆኖ ወጣቶቹን እየጨበጠ ፎቶ ይነሳ ነበር።

ሐጂ ሙዘሚል ወደ ሰዎቻቸው ዞሩ። «ሰማችሁ» ብቻ አሉ። ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ሰፈራቸው ሄዱ። ፈቃድ እንዲያወጡ የመከራቸው ሰው ነበር፤ ሞክረውም ነበር፤ ለዋቤ ፈቃድ ተሰጥቶ አልቋል ተባሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባልናገር ደስ ይለኛል። የተደራጁት ልጆች መጥፎ አልነበሩም፤ ሥራውን ግን አያውቁትም። የተገዛላቸው መረብ ዓይኑ የጣቴን ጫፍ አያሳልፍም፤ ሕጉ የከለከለው ያ መረብ ነው። እፍኝ የማይሞላውን ዓሣ ሁሉ አፍሰው ያወጣሉ። ክረምትም ቢሆን ማጥመዱን አልተዉም። ነስሩ ሁለት ጊዜ ቢሮ ሄዶ ነገራቸው። «ቀናህባቸው?» አሉት። የእኛ ሰዎች ዳር ቆመው አዩ። እጃቸውን አልነከሩም።

ነስሩ መናኸሪያው ውስጥ ዕቃ ጫኝና አውራጅ ሆነ። ወገቡ ለዚያ አልተፈጠረም። እኔ መጥበሻዬን ሸጬ በርበሬ ማስፈጨትና መሸጥ ጀመርኩ። መረቡን ግን አልሸጠውም። በየዓመቱ መስቀል ሲደርስ አውርዶ ያድሰዋል። አንድ ዓመት ይህን ሲያደርግ አይቼ ተናደድኩና በርበሬውን ጥዬበት ወጣሁ።

ሐጂ አሁንም አንድ በር ትተው ነበር። «ወንበሩ አልፈታንም። መጀመሪያ ያሰረን ልጅ ቢገኝ ግን ቃሉ የእሱ ነው» ይሉ ነበር። ማን ያገኘዋል? በሰማይ ላም አለኝ ነው እንግዲህ።

እኔ አገኘሁት። ዓመታት ካለፉ በኋላ የማረቆ በርበሬ ልገዛ ቡታጅራ ሄድኩ። ገበያው ዳር አንድ የእርሻ መድኃኒትና ዘር የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ አንድ ሰው «እትዬ ዘሃራ!» ብሎ ጮኸ። ሰሎሞን ነው። ወፍሯል፣ ከመንግሥት ሥራ ወጥቷል። እቅፍ አድርጎ ሳመኝ።

«ዋቤ እንዴት ነው? ነስሩ እያጠመደ ነው?» አለኝ እየሳቀ።

እዚያው የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነገርኩት። ሳቁ ጠፋ። «ለተካኝ ሰው ነግሬው ነበር እኮ። መስቀል ሲያልፍ ሂድና ክፍት ነው በላቸው ብዬዋለሁ። እያጠመዱ የሚኖሩ ነበር የሚመስለኝ» አለ። ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ልቆጣው ፈልጌ አልቻልኩም። በማግስቱ ሱቁን ለሚስቱ ትቶ አብሮኝ ወልቂጤ ገባ።

ሐጂ በሰው ተደግፈው መጡ። በሕይወት ያሉት አጥማጆች ሁሉ መጡ። ሰሎሞን ወንዙ ዳር ቆመና «ክፍት ነው» አለ። ደገመው። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ፣ ተፈታችሁ» አሉ። ጀልባዋና ማኅበሩ ከጠፉ ቆይተዋል፤ ልጆቹ አዲስ አበባ ገብተዋል። የሚከለክልም የሚጠይቅም አልነበረም።

ነስሩ ሱሪውን ሰብስቦ ገባ። ውኃው ጉልበቱ ሲደርስ ፈገግ አለ። መረቡን እንደ ድሮው ዘርግቶ ጣለው። ስንት ዓመት ሳይጥል እጁ አልረሳም። ቆየና ሳበው።

ባዶ ነው። ትንንሾቹ በመረቡ ዓይን እየሾለኩ ሲወጡ ከዳር ይታያል። ቦታ ቀይሮ ጣለ። ሌሎቹም ጣሉ። ወደ ታች ወረዱ፣ ወደ ላይ ወጡ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አንድ የሚጠበስ ዓሣ አልወጣም። ሰሎሞን ወንዙን ማየት አቅቶት ዛፉ ሥር ተቀምጧል። አንዱ አጥማጅ «ጠባብ መረብ ቢኖር ይወጣ ነበር» አለ።

ነስሩ ወጣና እግሩን ታጠበ። መረቡን አጠፈ። ሊቆጣ ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ እንዲቆጣ ፈልጌም ነበር። «ይደጉ» አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ዋቤ ወርዶ አያውቅም።

ሰሎሞንን ይቅር ብዬዋለሁ። ሕጉንም አልጠላሁትም፤ ጥሩ ሕግ እንደነበር ከእኔ የበለጠ የሚመሰክር የለም፣ አንድ ክረምት ዋቤ በዓሣ ሲፈላ ባሌ አይቶታል። ይቅር ማለት ያቃተኝ ያንን ድምፅ ማጉያ የያዘውን ሰው ነው። ሞክሬያለሁ፤ አልሆነልኝም። ሕግ የጣሰ ሲቀጣ ይገባኛል። ያከበረው ብቻ ለምን እንደተቀጣ ግን እስከ ዛሬ የሚያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም።